ጋሪ ማቡትና የማይታየው ተጋጣሚ

እ.ኤ.አ. በ1987 የኤፍ ኤ ካፕ ፍፃሜ ቶተንሃምና ኮቨንትሪ 2ለ2 ሆነው ወደ ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ከቀኝ መስመር የተሻማች ኳስ የቶተንሃሙን ተከላካይ የጋሪ ማቡትን ጉልበት ነክታ በገዛ በረኛው አናት ላይ አልፋ መረብ ላይ አረፈች። ዋንጫው የኮቨንትሪ ሆነ፤ የማቡት ጉልበትም የደጋፊ መቀለጃ ሆኖ ቀረ።

ሰውየው ግን ከኮቨንትሪ የከፋ ተጋጣሚ ነበረው። ገና በ17 ዓመቱ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ተገኝቶበታል። በዚህ ህመም ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ህዋሳት ራሱ ያጠፋቸዋል፤ በመርፌ ካልተተካ መኖር የለም። ማቡት በየቀኑ እየተወጋ ለቶተንሃም ከ600 በላይ ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ በ1991ም አምበል ሆኖ ኤፍ ኤ ካፑን ከፍ አድርጎ አነሳ።

ጉዱ የመጣው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነው። በ2013 የግራ እግሩ የደም ቧንቧ ተዘግቶ እግሩን ከመቆረጥ ያተረፉት በኦፕሬሽን ነው። በ2018 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተኝቶ ሳለ አይጥ እግሩን ስትበላው አልተሰማውም። ስኳሩ ነርቩን አደንዝዞት ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ጎል

ለዓመታት ከፍ ብሎ የሚቆይ ስኳር የደም ቧንቧን ግድግዳ ውስጥ ውስጡን ያወፍረዋል። አያምም፣ አያስነክስም። ሐኪሞች የአንገትን ቧንቧ በአልትራሳውንድ አይተው ውፍረቱን ይለካሉ፤ ልኬቱ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው። መተላለፊያው ሲጠብ ግን መጨረሻው የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት 1 ህሙማን የተሳተፉበት ጥናት ከ1983 እስከ 1993 ተካሂዷል። ግማሾቹ ስኳራቸውን አጥብቀው ተቆጣጠሩ፣ ሌሎቹ በተለመደው ህክምና ቆዩ። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ቁጥጥር ተቀራረበ። ልዩነቱ ግን አልጠፋም። በ2003 የወጣው ውጤት ቀድመው የተቆጣጠሩት ሰዎች የአንገት ቧንቧ የወፈረው በዝግታ መሆኑን አሳየ። በ2005 ደግሞ የልብና የደም ቧንቧ ህመማቸው በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በመጀመሪያው አጋማሽ የገባች ጎል እስከ መጨረሻው ፊሽካ ትቆጠራለች ማለት ነው።

ውርጭና ቆላ

ይህን ቁጥጥር ሰሜን ሸዋ ላይ ማድረግ የራሱ ፈተና አለው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ፍሪጅ ለሌለው ቤት የደብረ ብርሃን ብርድ አጋዥ ይመስላል። ነገር ግን በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ኢንሱሊኑ ከበረደ፣ ብርዱም ካቀዘቀዘው አልፎ በረዶ ካደረገው፣ ቢቀልጥም መጣል እንጂ መወጋት የለበትም። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ እዚያ በውሃ የራሰ የሸክላ ዕቃ ጥላ ስር ማስቀመጥ ያግዛል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ድረስ የሚመላለስ ሰው የትራንስፖርቱም ሂሳብ አለበት።

ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ ውሃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንቱ ከበዛና ያለምክንያት ከከሳ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ፤ ጥቂት ቀን መዘግየት ህይወት ያሳጣል። ፀበሉን የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ መርፌውን ግን አያቋርጥ። ስኳር ያለበት ልጅ ከሜዳ አይባረር፤ የቀድሞው የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ናቾም በዚሁ ህመም 6 ጊዜ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አንስቷል። ስኳሩን ይለካ፣ ግፊቱን ይታይ፣ ሲጋራ አያጭስ፣ ማታ ማታ እግሩን ይፈትሽ። የማቡት እግር የተረፈው ለጥቂት ነው።