ፈቃድ በስንት ጊዜ ይወጣል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ፣ ማክሰኚት ሳይደርስ፣ እንፍራንዝን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ይሄዳል። መንገዱ ዳር ለአንድ ሰዓት ያህል የቆመ ሰው የአገሪቱን የመንጃ ፈቃድ ምድቦች በሙሉ በዓይኑ ያያል። ባጃጅ ከገበያ ሰው አሳፍሮ ይወጣል፤ አባዱላ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጎንደር! ጎንደር!» እያለ ይደርሳል፤ አይሱዙ እህል ጭኖ ያልፋል፤ ተሳቢና ቦቴ ተከታትለው መሬቱን ያንቀጠቅጣሉ። መሪ የጨበጠው ሁሉ በኪሱ የየራሱን ዓይነት ወረቀት ይዟል። የከተማው ወጣት አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው ነው፦ መንጃ ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አጭሩ መልስ፣ ነገር ከተቃና ጥቂት ሳምንታት፣ ካልተቃና ወራት የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን «የትኛው መንጃ?» ብሎ ይጀምራል። በድሮው አሠራር መንጃ ፈቃድ በደረጃ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬም ሽማግሌ ሾፌሮች «ሦስተኛ አለኝ»፣ «አምስተኛ ነው የያዝኩት» ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 600/2000 ይህን አስቀርቶ ፈቃዱን በሚነዳው ተሽከርካሪና በሚጭነው ነገር ከፋፈለው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074ም ይህንኑ መንገድ ይዞ ቀጠለ። ሞተር ብስክሌት፣ ባለ ሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ ከዚያ ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት፣ በመጨረሻም እንደ ዶዘርና ግሬደር ላሉት ልዩ የሚባለው። ለአውቶሞቢል 18 ዓመት መሙላት ይበቃል። ሕዝብና ከባድ ጭነት ላይ ሲደረስ ግን የሚጠየቀው ዕድሜ ከፍ ይላል። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈሳሽ መንጃ ቢመኝ ዋናው ወረፋው የልደት ቀኑ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ጉዳይ አስፈጻሚ አያፋጥንለትም።

ዕድሜው ከደረሰ የሚከተለው መንገድ የታወቀ ነው። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ የጤና ምርመራ፣ በተለይም የዓይን። ከዚያ ማሰልጠኛ ገብቶ ቴዎሪ መማር፤ የመንገድ ሕግና ምልክት፣ የአሽከርካሪ ሥነ ባህሪ፣ የተሽከርካሪው አካላትና አሠራር፣ የአደጋ ጊዜ እርዳታ። የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ ወደ ተግባር ይሻገራል።

ቀኑ የሚባክነው እዚህ ተግባሩ ላይ ነው። ለማጁ መኪናዋን በተተከሉት ፖሎች መካከል ወደ ኋላ ሊያስገባ ይሞክራል። አሰልጣኙ ከጎኑ ተቀምጦ «ስፖኪዮህን እይ፣ ፍሪሲዮን ቀስ አድርገህ ልቀቅ» ይለዋል። ልጁ ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቀው መኪናዋ ትዘልና ሞተሩ ይጠፋል። ዳገት ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ሲፈታና ነዳጅ ሲሰጥ እግርና እጁ አልስማማ ብለውት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አንዱ ይህን በሦስተኛው ቀን ይለምደዋል፤ ሌላው የተመደበለት ሰዓት እስኪያልቅም አይለምደውም። ችግሩ የሰዓቱ ክፍያ ሲያልቅ ሥልጠናውም ማለቁ ነው። በአንዲት መኪና ብዙ ለማጅ ሲፈራረቅባት ደግሞ አብዛኛው «የሥልጠና ሰዓት» ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሌላው ሲነዳ ማየት ይሆናል።

እንፍራንዝ እየኖረ ጎንደር ለሚሰለጥን ሰው በዚህ ላይ መንገዱ ይጨመራል። ለአንድ ሰዓት ልምምድ ጠዋት በአባዱላ ሄዶ ማታ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ዘመድ ቤት ማደርም ቢሆን ወጪው አይቀርም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የፈተና ቀጠሮ አብሮ ይዘጋል። አንድ ሰው «መንጃዬን ስድስት ወር ፈጀብኝ» ሲልዎት ታዲያ ስድስት ወር ተማረ ማለት እንዳይመስልዎት፤ የተማረው ሲደማመር ጥቂት ቀን ነው፣ ቀሪው የመመላለሻና የመጠበቂያ ነው።

ቀድሞ ሾፌር የሚወጣው በሌላ መንገድ ነበር። ልጁ በረዳትነት ይጀምራል። ጎማ ይፈታል፣ ጭነት ያስራል፣ ዳገት ላይ ታኮ ይዞ ይሮጣል፣ ሌሊት መኪናው ላይ ያድራል። ከዓመታት በኋላ ሾፌሩ ደስ ባለው ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ መሪውን ይለቅለታል። «ጋሼ፣ ትንሽ ልሞክራት?» ማለት የሚደፍረው ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ከጎኑ ተቀምጦ ነው። ይህ አሠራር ጉልበት ብዝበዛም ነበረበት፣ ያለ ፈቃድ መንዳትም ነበረበት፤ ልናሞግሰው አይገባም። ግን ሊማሊሞን ከመንዳቱ በፊት መቶ ጊዜ ያየ ሰው ያወጣ ነበር። ከዚያም በፊት፣ መኪና ለአገሩ ብርቅ በነበረበት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ ዐፄ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን መንዳትና መካኒክነት እንዲማሩ የላኩት እስከ ጀርመን ድረስ ነው። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት እኚሁ ሰው በዚያው ጉዞ በሸክላ ካስቀረጹት ዘፈን ጋር ስማቸው ዛሬም ይነሳል።

የሌላውን አገር ብናይ ልኩ የተለያየ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከ25 ዓመት በታች የሆነ ለማጅ 120 ሰዓት መንዳቱን፣ ከዚያም 20ው በጨለማ መሆኑን፣ በመዝገብ ማሳየት አለበት፤ ካለፈም በኋላ ሙሉ ፈቃድ እስኪይዝ በሁለት የሙከራ ደረጃዎች ሦስት ዓመት ይቆያል። የለንደን ጥቁር ታክሲ ነጂ የከተማውን መንገዶች በቃሉ አጥንቶ ለመፈተን አብዛኛውን ጊዜ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅበታል። ብዙ ወገኖቻችን የተሰማሩበት የአሜሪካ የከባድ መኪና ፈቃድ፣ ሲዲኤል የሚሉት፣ ከዚህ ሁሉ አጭር ነው፤ የለማጅነቱን ወረቀት ከያዘ ቢያንስ 14 ቀን ቆይቶ መፈተን ይችላል፣ የሥልጠና ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት አያልፍም። ግን ከግዛት ግዛት ለመጫን 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው።

ወደ ሌሎች ሙያዎች እንሻገር። እንፍራንዝ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ፣ ብረት የሚበይድ፣ መብራት የሚዘረጋ፣ ምግብ የሚያበስል ሰው የሚፈልገው ወረቀት ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኩል ለሚመጣው እንደ ሙያውና እንደ ደረጃው ከወራት እስከ ዓመታት ይፈጃል። ምዘናው ራሱ ግን የጽሑፍና የተግባር ሆኖ በአጭር ጊዜ ያልቃል። መዛኙ ሥራውን ይሰጣል፤ ተመዛኙ ይሠራል፤ መዛኙ ዝርዝሩን ይዞ እያንዳንዱን እርምጃ ያያል፣ መብራቱን ሳያጠፋ ሽቦ የነካ ሰው ሥራው ቢያምርም ወዮለት። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። እኔ በዚህ ሥርዓት የምወድለት አንድ ነገር አለ፦ ሙያውን ከየት አመጣኸው ብሎ በሩን አይዘጋም። አሥር ዓመት ከአጎቱ ጋራዥ ሞተር ሲያወርድ የኖረ ልጅ ኮሌጅ ባይረግጥም ለምዘና መቅረብ ይችላል።

ወረቀት ጨርሶ የማያስፈልገውም አለ። በጎንደር ገጠር ሹሩባ የምትሠራ ሴት ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ነው የተማረችው፤ ስንት ዓመት እንደፈጀባት ቢጠይቋት ትስቃለች። እሷኑ ቴክሳስ ቢወስዷት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ለዚሁ ሥራ የ35 ሰዓት ሥልጠናና ፈቃድ ይጠብቃት ነበር። ግዛቱ ግዴታውን በዚያ ዓመት አነሳው፤ ደግ አደረገ።

ሕክምና ላይ ስንደርስ ቀልድ የለም፤ የእንፍራንዝ ታሪክ ግን ትንሽ ያስፈግጋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ከሠሩ ጀምሮ አካባቢው የነገሥታትም የእንግዶችም መንገድ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ፖንሴ እንፍራንዝን አይቶ ጽፎላታል። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በእንፍራንዝ ቆይቷል። ብሩስ ጎንደር እንደገባ የመኳንንቱን ልጆች ከፈንጣጣ በማከም ነበር በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ ያገኘው፤ ሐኪም ግን አልነበረም። የሚያውቀውን አሌፖ ላይ ከአንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም የለቀመው ነው። ማንም ፈቃድህን አሳይ አላለውም።

አካባቢው የራሱን ባለሙያ ማውጣት የጀመረው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሳው ወባ ወደ 7000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ለገጠሩ ፈጥነው የሚደርሱ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሰለጠነ። ሐኪም እስኪደርስ መጠበቅ የማይቻል ስለነበር ጊዜው ሆን ተብሎ እንዲያጥር ተደረገ። የሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲጀመር ደግሞ የላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ አገዘ። ዛሬ በዚያው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ለመሆን የኢንተርንነቱን ዓመት ጨምሮ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ በዚያ ላይ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ጥብቅናም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ አምስት ዓመት ሕግ መማር፣ ከዚያ የሥራ ልምድ፣ ከዚያ ፈተና።

ከሁሉ የሚረዝመው ግን የቤተ ክህነቱ ነው። ከእንፍራንዝ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጋይንት፣ የዜማው መጽሐፍ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም አለ። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ አቋቋም ጎንደር ይመሰከራል። ተማሪው ድጓውን ከነምልክቱ በእጁ ይገለብጣል፣ መምህሩ ፊት ቀለሙን ያሰማል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ያሰማል። ያለ ቀን መቁጠሪያ፣ ያለ ሰዓት ክፍያ። ምስክርነቱ የሚሰጠው ጊዜው ስላለቀ ሳይሆን ዜማው ስለገባው ነው፤ ሳይገባው ለዓመታት የተቀመጠም ያለ ምስክር ይሄዳል።

ሾፌር ሁሉ እንደ መሪጌታ ዕድሜውን ይጨርስ የሚል የለም። ግን አርባና ስልሳ ነፍስ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርደው ሰው ሥልጠና በሳምንት ሲለካ፣ ዜማ የሚሳሳተው ሰው በዓመታት መታረሙ ለእኔ አይዋጥልኝም። በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገድ ላይ በሚሞትበት አገር ማሰልጠኛ ቤት የሰዓት ሠንጠረዡን ሞልቶ ከመሸኘት ይልቅ፣ ለማጁ ዳገቱን በራሱ እስኪወጣው ይዞት መቆየት አለበት፤ ፈታኙም እንደ ሲኦሲው መዛኝ «ገና» ማለትን መልመድ አለበት።

መንጃ ለማውጣት ለተነሳ የእንፍራንዝ ወጣት ደግሞ ይህን ልበል። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ዓይንህን ተመርመር። ማሰልጠኛው ለምትፈልገው ምድብ ፈቃድ እንዳለው ጠይቅ፤ የተግባር ሰዓትህን አንዱንም ለሌላ አትልቀቅ። «ሳትማር አወጣልሃለሁ» ለሚልህ ደላላ ጆሮህን አትስጥ። ስምህ በመታወቂያህና በትምህርት ማስረጃህ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም ዛሬውኑ እይ፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት ፋይሉ ተመልሶ እንደገና ጎንደር የተመላለሰ ብዙ ነው።