ከጤፍ ቅንጣት በማትበልጥ አንጎል ውስጥ

በመስከረም አደይ በፈነዳ ጊዜ ከሊቦ ከምከም መንደር የወጣች ንብ ወደ ጣራ ገዳም ደን ገብታ አበባውን ከቀሰመች በኋላ፤ ከብዙ ቀፎ መካከል የራስዋን ለይታ ትመለሳለች። ይህ ዕውቀት በዚያች ትንሽ ራስ ውስጥ በምን ሥርዓት ተቀምጦ ይሆን?

የንብ አንጎል አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ስላሉት ሊቃውንት ሥራውን ከቀላሉ ጀመሩ። በ1979 ዓ.ም. 302 ሕዋሳት ብቻ ያሉዋት የአንዲት ትል ካርታ ታተመ። ቀጥሎ የተመረጠችው በጠጅ ብርሌ አፍ ላይ የምታንዣብበው፤ እመቤቶቻችንም በእጃቸው የሚያባርሯት ቀይ ዓይና ዝንብ ናት። ለአገራችንም እንግዳ አይደለችም፤ ከፍቼ ደጋ የተሰበሰቡት ዝንቦች ከዛምቢያ ቆላ ዝንቦች በአካልና በክንፍ ገዝፈው ተገኝተዋል።

መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚገኘው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች አገሮች ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው የአንዲት እንስት ዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ አሳተሙ። በውስጡ 139,255 ሕዋሳትና 50 ሚሊዮን ያህል መገናኛዎች ተቈጠሩ። ክሩ ቢዘረጋ ወደ 150 ሜትር ይሆናል!

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጎሉን በአልማዝ ስለት ወደ 7,000 ስስ ቅጠል ከፍለው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሡት፤ ሥዕሉም 21 ሚሊዮን ሆነ። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተር ክሩን ከቅጠል ወደ ቅጠል ተከተለ። ነገር ግን የአንዱን ሕዋስ ክር ከሌላው ጋር እየቀጠለ ስለ ተሳሳተ፤ ጸሐፊ የገለበጠው ብራና በአራሚ እንደሚታይ ሁሉ ሰዎች ተቀምጠው አረሙት። ሥራው ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ ከ30 ዓመት በላይ በፈጀበት ነበር። በመዝገብ ሥራ የኖርን እኛ ከመኪናው ይልቅ እነዚህን አራሚዎች እናደንቃለን።

«ለዝንብ ይህን ያህል ድካም ስለ ምንድር ነው?» የሚል አይጠፋም። ሊቃውንቱ ካርታውን በኮምፒዩተር ላይ አሰናድተው፤ የስኳር ጣዕም የሚለዩት ሕዋሳት ሲቀሰቀሱ ዝንቢቱን አፍዋን ለመብል የሚያዘረጉዋት የትኞቹ እንደ ሆኑ አስቀድመው ተናገሩ። በሕያው ዝንብም ሲፈተን አብዛኛው እውነት ሆነ። እርግጥ የስልክ ሽቦ መስመሩን እንጂ ንግግሩን አያሳይም፤ ካርታውም እንደዚሁ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ከጎረቤት ሸሽጎ የሚያኖር ቤተሰብ ዛሬም አለ። በሽታው የሚመጣው የአንጎል ሕዋሳት ያለ ልክ በአንድነት ሲቀሰቀሱ ነው። እንዲሁ የሚንፈራገጡ ዝንቦች በላቦራቶሪ እየተራቡ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይመረመራሉ፤ አሁን ግን መርማሪው የትኛው ሕዋስ የትኛውን እንደሚቀሰቅስ በካርታው ላይ ክሩን ተከትሎ መፈለግ ይችላል።