ሰመመን በደጋ አገር፦ የቀዶ ሕክምና ታካሚ የሰውነት ሙቀት



ዘመሮ ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ ስለ ብርድ ለመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። የመንዝ ሰው የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባና የሚያሠራው ለጌጥ አይደለም፤ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኅዳር ሌሊት ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። ዛሬ የምናገረው ግን ባና ለብሶ ስለሚያድረው ሰው ሳይሆን፣ ልብሱ ወልቆ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ስለተኛው ነው።

ሰው ሲበርደው የቆዳው ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ሙቀቱም በመሐል አካሉ ይጠበቃል። ሰመመን ይህን ጥበቃ ያላላል። ደም ሥሮቹ ሲሰፉ የመሐሉ ሙቀት ወደ እጅና እግር ይፈስሳል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የክፍሉ ቅዝቃዜ የሚጨምረው ከዚህ በላይ ነው።

በወገብ በሚሰጠው ማደንዘዣ ደግሞ አንድ አታላይ ነገር አለ፤ ታካሚው እየቀዘቀዘ ሳለ የሞቀው ይመስለዋል። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት ወላድ በቀዶ ሕክምና ስትገላገል «እህቴ፣ በረደሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ ሞቆኛል፣ ዶክተር» አለችኝ። አመንኋት። ቴርሞሜትር ያደረግሁላት ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ነው፤ 34.8 አነበብሁ። ከዚያ ወዲህ ታካሚውን እጠይቃለሁ፤ የማምነው ግን ልኬቱን ነው።

ጉዳቱ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 200 ታካሚዎች መካከል፣ ከቀዘቀዙት 19 በመቶው ቁስላቸው አመርቅዟል፤ ሙቀታቸው ከተጠበቀው ግን 6 በመቶው ብቻ። በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣውና ኢትዮጵያን ጨምሮ 25 የአፍሪካ አገሮች የተሳተፉበት ጥናትም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዋነኛው ችግር ኢንፌክሽን መሆኑን አሳይቷል።

በ2022 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት የታተመው ሌላ ጥናት ግን ብዙዎችን አደናግሯል። 5,056 ታካሚዎች፣ አብዛኞቹ በቻይና፣ በሁለት ተከፍለው የአንዱ ክፍል ሙቀት በ37 ዲግሪ፣ የሌላው በ35.5 አካባቢ እንዲቆይ ተደረገ። በልብ ጉዳትና በሞት ረገድ ልዩነት አልታየም። ይህን ያነበበ አንድ ባልደረባዬ «እንግዲያው ማሞቅ ቅንጦት ነው» አለኝ። አልስማማም። ጥናቱ 35.5ን ከ37 ጋር እንጂ 34ን ከ37 ጋር አላነጻጸረም፤ በዝቅተኛው ክፍል የነበሩትም ሙቀታቸው እየተለካ ከወለሉ በታች እንዳይወርዱ ይሞቁ ነበር። የእኛ ታካሚ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ የሚለካው ማነው? ለእኔ ጥናቱ መልካም ዜና ነው፤ 37ን ለማሳደድ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻንም። 35.5ን ግን አሳልፈን መስጠት የለብንም።

ይህም በእጃችን ባለው ይቻላል። አንድ የጨርቅ ድርብ በቆዳ በኩል የሚወጣውን ሙቀት በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚጨምሩት ጥቂት ነው። በክፍል ሙቀት ያለ 1 ሊትር ግሉኮስ የአዋቂን ሰው ሙቀት ሩብ ዲግሪ ያህል ያወርዳል፤ ስለዚህ ይሞቅ። ታካሚው ተራውን በሚጠብቅበት ወንበር ላይ ደግሞ ባናውን አትግፈፉት፤ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ድረስ ይልበሰው። እጅና እግሩ አስቀድሞ የሞቀ ሰው ከመሐል አካሉ የሚሸሸው ሙቀት ያንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣት ሲቀዘቅዝ ፐልስ ኦክሲሜትር ማንበብ ያቅተዋል፤ ሲያነብም ቁጥሩ ዝቅ ካለ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ የማለፍ ልማድ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለክተው ያገኙት አማካይ የኦክስጅን መጠን 95.3 በመቶ ነበር። እንግዲህ በመንዝ ተወላጅ ጣት ላይ 86 ስታዩ ጣቱን አሙቁና እንደገና ለኩ፤ ያው ከሆነ ኦክስጅኑን ክፈቱና ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ ተራራውን አትውቀሱ።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።