የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ የሚነዱት መላሾች

የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ ላይ ቀልድ የሚመስል አንድ ጥያቄ አለ። በኢንተርኔት መጠይቅ ለሚሞሉ ሰዎች «የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ለማንቀሳቀስ ፈቃድ አለዎት?» የሚል ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ዕድሜያችን ከ30 በታች ነው ካሉት 12 በመቶው፣ ሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋችን ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ነው) ካሉት ደግሞ 24 በመቶው «አዎ» ብለዋል። በሕዝቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በመቶኛ ሲሰሉ ወደ ዜሮ የተጠጉ ናቸው።

ጉዳዩ ሳቅ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ሌላ ቁጥር ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2023፣ ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት እና ዩጎቭ የተባለው የጥናት ድርጅት ያሳተሙት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአሜሪካ ወጣቶች 20 በመቶው የናዚን የአይሁድ ጭፍጨፋ «ተረት ነው» እንደሚሉ ዘግቦ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ፒው ያንኑ ጥያቄ በራሱ መንገድ መልምሎ ላደራጃቸው መላሾች ሲያቀርብ ቁጥሩ ወደ 3 በመቶ ወረደ። ልዩነቱ የመጣው ከጥያቄው ሳይሆን ከመላሹ ነው።

መላሹ ከየት ይመጣል? አንድ የመጠጥ ወይም የሳሙና ኩባንያ ሸማቹ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ሲፈልግ ለጥናት ድርጅት ይከፍላል። የጥናት ድርጅቱ መላሾችን ከፓነል ይገዛል፤ ፓነል ማለት በክፍያ መጠይቅ ለመሙላት የተመዘገቡ ሰዎች ስብስብ ነው። ፓነሉ ሰው ሲያጥረው ከሌላ ፓነል ይገዛል፤ ያኛው ደግሞ «መጠይቅ ሙላና ነጥብ አግኝ» ከሚል የጌም አፕ ያመጣል። ገንዘቡ በየእጁ እየተቆረሰ መላሹ ዘንድ ሲደርስ ሳንቲም ሆኖ ይቀራል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ሻምፖ ሲጠየቅ ቆይቶ ሳንቲም የሚከፈለው ቅን ሰው ብዙ አይቆይም። የሚቆየው መቶ ቦታ ተመዝግቦ መቶ ጊዜ የሚሞላው ነው። በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ሁሉ የሚከፈላቸው በተሞላ መጠይቅ ቁጥር ስለሆነ፣ አጭበርባሪውን ማባረር ለእነሱም የገቢ ቅናሽ ነው። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለ ቦት (እንደ ሰው ሆኖ መጠይቅ ስለሚሞላ ፕሮግራም) እና ስለ ሶፍትዌር የሚወራው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ክፍያው ከፍ የሚልባቸው ጥናቶችም አሉ፤ ሐኪሞች፣ የባንክ ኃላፊዎች፣ የኮምፒዩተር ግዢ የሚወስኑ ሥራ አስኪያጆች የሚጠየቁባቸው። እዚያ ደግሞ ማጣሪያ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ለአጭበርባሪው መንገድ ይጠቁሙታል። «በድርጅትዎ የሶፍትዌር ግዢ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት?» ሲባል «አይ» ያለ በምስጋና ይሸኛል፣ ክፍያም የለውም። «አዎ» ያለ ይቀጥላል። ሁለቴ ከተሸኘ በኋላ ሦስተኛው ላይ «አዎ» ማለት የማይለምድ ሰው የለም።

በሚያዝያ 2025 በአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ይፋ የሆነው የፌዴራል ክስ ይህን ሁሉ ወደ አደባባይ አወጣው። ኦፕ ፎር ጂ እና ስላይስ ከሚባሉ ሁለት የጥናት ድርጅቶች ጋር በተያያዘ 8 ሰዎች ተከሰሱ፤ ዐቃቤ ሕግ የማጭበርበሩን መጠን 10 ሚሊዮን ዶላር አድርሶታል። ክሱ እንደሚለው በክፍያ የሐሰት ምላሽ የሚሞሉ ሰዎች ተመልምለው ነበር፤ በውስጥ ንግግር የሚጠሩት «ጉንዳኖች» ተብለው ነው። ማጣሪያውን እንዴት እንደሚያልፉ ይነገራቸዋል፤ ያሉበት አገር እንዳይታወቅ ቪፒኤን ይጠቀማሉ። ክስ ክስ ነው፤ ነገር ግን የተጠቀሰው ወንጀል ከውጭ ሰብሮ የገባ ሌባ ሳይሆን ሻጩ ራሱ ፈጸመው የተባለ መሆኑን ልብ ይሏል።

ማጭበርበሩ ሁልጊዜ የማሽን ሥራ አይደለም። በ2018 የአማዞን ሜካኒካል ተርክ በሚባለው የሥራ መድረክ ላይ አንድ ዓይነት የጂፒኤስ ነጥብ ያላቸው ምላሾች ሲበራከቱ ተመራማሪዎች «ቦት ወረረን» ብለው ተደናገጡ። ክላውድ ሪሰርች የተባለ ድርጅት ጉዳዩን ሲያጣራ ያደረገው ሙከራ ቀላል ነበር፤ የደበርጃን ፎቶ አሳይቶ ስሙን ጠየቀ። አሜሪካዊ «ኤግፕላንት» ይላል። ከተጠረጠሩት መላሾች ብዙዎቹ ግን የመረጡት «ብሪንጃል» የሚለውን ነው፤ ይህ ደግሞ ሕንድ ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተከራዩትን ሰርቨር እንደ መጋረጃ ተጠቅመው የሚሞሉ ሰዎች ነበሩ።

መከላከያው ለዓመታት የተገነባው በወጥመድ ነው። ከመላሾቹ አማካይ ጊዜ በሲሶ የጨረሰ ይጣላል፤ ለሃያ ጥያቄ ሁሉ «በጣም እስማማለሁ» ያለ ይጣላል፤ «እዚህ ላይ ሰማያዊን ይምረጡ» ሲባል ቀይ የመረጠ ይጣላል። በአንድ ስልክ ሁለቴ የሚገቡትን ለመያዝ የመሣሪያው መለያና የአይፒ አድራሻው ይመዘገባል። በዓለም የሌለ የቢራ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ «ጠጥቼዋለሁ» የሚለው ይለያል። ይህን የመጨረሻውን እወደዋለሁ፤ ትኩረትን ሳይሆን ሐቀኝነትን ይፈትናልና።

ወጥመዶቹ ግን የሚያመልጧቸው ብዙ ናቸው። ፒው በ2020 ከስድስት ምንጮች የተሰበሰቡ ከ60 ሺህ በላይ ምላሾችን መርምሮ ነበር። ሐሰተኛ ብሎ ከለያቸው መላሾች 84 በመቶው የትኩረት ወጥመዱን፣ 87 በመቶው የፍጥነት ማጣሪያውን አልፈው ተገኙ። ያጋለጣቸው በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ የተጠየቁበት ቦታ ነው። በዋሽንግተን ያሉ ተመራጮች ምን እንዲሠሩ እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ፣ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ሕይወት ከድረ ገጽ የተገለበጠ አንቀጽ የለጠፉ ነበሩ። ጥያቄው ስለ ምንም ይሁን «ጥሩ ምርት ነው» ብለው ያለፉም አልጠፉም።

በዚያ ጥናት በፈቃዳቸው ተመዝግበው ከሚገቡት መላሾች ሐሰተኞቹ ከ4 እስከ 7 በመቶ ነበሩ፤ በመኖሪያ አድራሻ ከተመለመሉት ግን 1 በመቶ። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ብርቅ ነገር ሲጠየቅ ግን ሁሉንም ይውጣል። ከ100 ሰው አንዱ ብቻ የሚጠቀምበትን መድኃኒት ለማጥናት ተጠቃሚዎቹን እንፈልግ። እውነተኛው ተጠቃሚ 1 ነው፤ «እጠቀማለሁ» የሚሉ 5 ውሸታሞች ይጨመሩበታል። ደንበኛው ዘንድ «የተጠቃሚዎች አስተያየት» ተብሎ ከሚደርሰው 6 ምላሽ 5ቱ የፈጠራ ነው። በ2020 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኮሮናን ለመከላከል በረኪና የጠጡ ወይም የተጉመጠመጡ 4 በመቶ እንደሆኑ ሲዘግብ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥናቱን ከነማጣሪያው የደገሙት ሌሎች ተመራማሪዎች «ጠጣን» ካሉት አብዛኞቹ ለሌሎች ጥያቄዎችም የማይታመን መልስ የሚሰጡ ሆነው አግኝተዋቸዋል።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገባ። በኅዳር 2025 የዳርትመዝ ኮሌጁ ሾን ዌስትዉድ ራሱ የሠራውን ሐሰተኛ መላሽ ውጤት አሳተመ። ማሽኑ የትኩረት ፈተናዎችን 99.8 በመቶ አለፈ። የተሰጠውን ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ይዞ፣ በዚያው ልክ ዘግየት እያለ ያነባል፤ ማውሱን እንደ ሰው እጅ ያንቀሳቅሳል፤ ፊደል ተሳስቶ ይጽፍና ያርማል። ወጪው ለአንድ ምላሽ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። በዚህ ዘመን «በራስዎ ቃል ይጻፉልን» የሚለው መከላከያም ይፈርሳል፤ በንጹሕ ዓረፍተ ነገር፣ በጨዋ ቋንቋ የጻፈው መላሽ እንዲያውም ይበልጥ ተጠርጣሪ ይሆናል።

እና ምን ቀረ? በሩ ላይ ከመፈተሽ ይልቅ ማን እንደሚገባ አስቀድሞ መምረጥ። ፒው መላሾቹን የሚመለምለው ከፖስታ ቤት የአድራሻ መዝገብ በዕጣ ነው፤ ደብዳቤ ይልካል፣ ኢንተርኔት ለሌለው ታብሌት ይሰጣል። ሳይመረጥ ልሙላ ብሎ የሚገባ የለም። ይህ ውድ ነው፤ ብዙ ኩባንያ አይከፍልበትም። ቢያንስ ገዢው ሻጩን «መላሾቼ ከማን ከማን ተገዙ? ስንቶቹ ተጣሉ?» ብሎ በውል ማስያዝ ይችላል።

እኛ አገር ትልልቁ ጥናት አሁንም የሚሠራው ቤት ለቤት ነው፤ ስለዚህ የታወቀው ማጭበርበር የመላሹ ሳይሆን የመረጃ ሰብሳቢው ነው፤ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ ቅጹን የሚሞላው። ታብሌቱ ጂፒኤስና ሰዓት መመዝገቡ ነገሩን አክብዶበታል። በሌላ በኩል የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪም ሆነ አዲስ ምርት ያለው ነጋዴ የጉግል ፎርም ሊንክ ቴሌግራም ላይ ለቆ «ለሞላ የሞባይል ካርድ እንልካለን» ማለት ለምዷል። ሽልማት ተነግሮ ሊንኩ በይፋ ከተለቀቀ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ በትንሽ መጠን ይደገማል። ቤት ለቤት በሚሄደው ጥናት ሱፐርቫይዘሩ ከተጠየቁት ጥቂቶቹን ደውሎ «እውነት መጥተው ጠይቀውዎታል?» ማለት ይችላል። ፎርሙን የለቀቀው ተማሪ ግን የሚደውልለት ሰው የለውም፤ ያለው ካርድ የሚልክበት ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም የአንድ ሰው ሁለት ሦስት ሲም ሊሆን ይችላል።