ኦቨርድራይቭ ዳገት ላይ

ከመርሳ በሲሪንቃ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚወጣ አውቶማቲክ መኪና፣ በተለይ ሰውና ዕቃ ከሞላ፣ ዳገቱን ሲይዝ ማርሹን ያቀያይራል። አራተኛ ያስገባል፣ ሞተሩ ሲደክም ወደ ሦስተኛ ይመለሳል፣ ትንሽ ፍጥነት ሲያገኝ ደግሞ አራተኛን ይሞክራል። ካምቢዮን የሚጎዳው ይህ መመላለስ ነው እንጂ ኦቨርድራይቭ በራሱ አይደለም።

ኦቨርድራይቭ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከሞተሩ በልጦ የሚሽከረከርበት ማርሽ ነው። በብዙ ባለአራት ማርሽ አውቶማቲኮች አራተኛው ማርሽ ይኸው ነው፤ ሬሾው 0.7 ገደማ ስለሆነ ሞተሩ 7 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 10 ጊዜ ይዞራል። ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባለው ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሞተሩ ይረጋል፣ ነዳጅ ይቆጠባል። ቶርክ ኮንቨርተሩም ስለሚቆለፍ ዘይቱ ብዙ አይሞቅም። እንዲህ የሚነዳ ካምቢዮ ቶሎ አያልቅም።

ዳገት ላይ ኮንቨርተሩ ይፈታል። ኃይሉ በዘይት ብቻ ሲተላለፍ ዘይቱ እየተናጠ ይግላል፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥርም የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ይፋተጋሉ። የጋለ ዘይት ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ ጎሚኒውን ያደርቃል። ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ወልዲያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ በአራተኛ የሚወጣው ዳገት እዚህ ያቅተዋል። ከወልዲያ ወደ ድልብ የሚወጣው ጠመዝማዛማ ይብሳል።

በቆዩ ቶዮታዎች የማርሽ መቀየሪያ እጀታ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ የተሠራችው ለዚህ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ስትጫን «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ይበራል፣ አራተኛ ይከለከላል፣ ካምቢዮው በሦስተኛ ይረጋል። ከድልብ ስንወርድም እንዲሁ ማድረግ ይገባል፤ ሞተሩ መኪናውን ይዞ ስለሚያወርድ ፍሬኑ አይግልም። ሜዳ ላይ ሳይመልሱ መንዳት ግን ነዳጅ ማባከን ነው። መብራቱ ማንም ሳይነካው ብልጭ ድርግም ካለ የካምቢዮ ብልሽት ምልክት ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ይየው።

እኔ አብልጬ የምሰጋው ግን ለራዲያተሩ ነው። በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ እያለፈ ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት ኖሮ በዝገትና በዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተር ካለ፣ ኦቨርድራይቩ ቢዘጋም ዘይቱ መጋሉ አይቀርም።