በጦርነት መካከል የተጻፈ የእምነት መልስ፦ «አንቀጸ አሚን» እና የዛሬው አንባቢ

ዕቅበተ እምነት የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አንድ አማኝ ሃይማኖቱን ለሚጠይቅ፣ ለሚነቅፍ ወይም ለሚያሳድድ ሰው በምክንያትና በማስረጃ መልስ የሚሰጥበት ሲሆን፣ በክርስትና ታሪክ ጅማሬው 2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የአቴናው ፈላስፋ አርስጢደስና ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ጽሑፎቻቸውን ያቀረቡት ለሮም ቄሣሮች ነበር፤ ክርስቲያኖች በሐሰት እየተወነጀሉ በሚገደሉበት ዘመን የተጻፉ በመሆናቸውም የትምህርት መጻሕፍት ብቻ ሳይሆኑ በሥልጣን ላይ ላለ ሰው የተጻፉ አቤቱታዎች ናቸው። የዛሬ አንባቢ ዕቅበተ እምነት ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮው የሚመጣው በየአደባባዩና በየስልኩ የሚሰማው ጩኸትና መናናቅ የበዛበት ክርክር ነው፤ የዘርፉን ጥንታዊ ጠባይ ለማየት የሚፈልግ ሰው ግን ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም የደረሱት «አንቀጸ አሚን»፣ ማለትም የእምነት በር፣ ያንኑ ጠባይ ሳይለቅ በግእዝ ተጽፎ ይገኛል።

የመጽሐፉ ደራሲ ትውልዳቸው ከየመን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ባሕር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ሙስሊም ነበሩ፤ ቁርኣንንም የሚያውቁት በትርጉም ወይም በሰሚ ሰሚ ሳይሆን በተጻፈበት በዐረብኛ ነበር። ገድላቸው፣ ማለትም ሕይወታቸውንና ተጋድሏቸውን የሚተርከው መጽሐፍ፣ ከረጅም ጥያቄና ማሰላሰል በኋላ ክርስትናን እንደ ተቀበሉ፣ በደብረ ሊባኖስ በእጨጌ ጴጥሮስ እጅ እንደ ተጠመቁና በዚያው እንደ መነኰሱ ይናገራል። ከጊዜ በኋላ ራሳቸው የገዳሙ እጨጌ ሆኑ፤ እጨጌ ማለት የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ሲሆን፣ ጳጳሱ ከግብፅ ይላክ በነበረበት በዚያ ዘመን ከአገሬው መነኮሳት ሁሉ የበላይ የነበረው እርሱ ነው። የውጭ አገር ሰው ወደዚህ መንበር መውጣቱ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የዮሐንስ አፈ ወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በመመለስ የተሳተፉ ሊቅ መሆናቸው ሲታሰብም፣ ዕንባቆም የክርክር ሰው ከመሆናቸው በፊት የትርጉም ሰው፣ በሁለት ቋንቋዎችና በሁለት የመጻሕፍት ቤቶች መካከል የሚመላለሱ ሰው እንደ ነበሩ ይታያል።

መጽሐፉን የወለደው ጦርነቱ ነው። የአዳሉ መሪ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ካደረጉ በኋላ፣ በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ጦርነቱ ወደ ሰሜን እየገፋ ትግራይ ደረሰ፤ ንጉሡም ከቦታ ቦታ ሲሳደዱ ቆይተው በመስከረም 1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። የዚህን ዘመቻ ታሪክ ከኢማሙ ወገን ሆኖ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የተባለውን መጽሐፍ ትቶልናል፤ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አንዱን ዘመን ከሁለት ዐይን ያየዋል። ዕንባቆም ገዳማቸው ሲቃጠል ሸሽተው በምዕራቡ አገር ተቀመጡ፤ በ1540 ገደማም በአገሪቱ ውስጥ ኢማሙን የሚቋቋም ኃይል ያለ በማይመስልበት ሰዓት፣ ለእርሳቸው ጻፉ። አብያተ ክርስቲያናት እንዳይቃጠሉና መነኮሳት እንዳይገደሉ የመለመን ጉዳይ ከመጽሐፉ መነሻ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ከተዘነጋ አንቀጸ አሚን የትምህርት ቤት ክርክር ይመስላል፣ ከታሰበ ግን እያንዳንዱ ገጽ ሌላ ክብደት ያገኛል።

የአጻጻፉ ዋና ጠባይ የሚገርም ነው። የተሸነፈ ወገን ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ለገዛ ወገኑ ነው፤ ያጽናናል፣ ጠላትን ይረግማል፣ የመከራውን ምክንያት በኃጢአት ላይ ያሳብባል። ዕንባቆም ግን የተናገሩት ለአሸናፊው ነው፤ የሚያነጋግሩትም አሸናፊው በሚያከብረው መጽሐፍ ነው። ከቁርኣን ሱራዎች፣ ማለትም ምዕራፎች፣ ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) እና ስለ እናቱ ስለ መርየም የሚናገሩትን ክፍሎች እያነሡ፣ አንባቢያቸው አስቀድሞ ከሚያምነው ነገር ተነሥተው ወደሚክደው ነገር ሊያደርሱት ይሞክራሉ። የሙግቱ አካሄድ በቅርብ ቢታይ እንዲህ ያለ ነው፦ ቁርኣን ዒሳን የአላህ ቃል፣ ከእርሱም የሆነ መንፈስ ብሎ ይጠራዋል፤ መርየምንም ከዓለም ሴቶች ሁሉ የተመረጠች ያደርጋታል፤ እንግዲያስ የእግዚአብሔር ቃል ከእግዚአብሔር ተለይቶ ሊታሰብ ይችላልን የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህ መንገድ በዐረብኛ ይጽፉ ከነበሩ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ የቆየ ነው፤ የሲዶናው ጳጳስ ጳውሎስ ዘአንጾኪያ ከዕንባቆም ብዙ ዘመን አስቀድሞ በዚሁ መንገድ ለሙስሊም ወዳጁ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ታላቁ የእስልምና ሊቅ ኢብን ተይሚያም ከዚያ ደብዳቤ ለመነጨ ጽሑፍ ሰፊ መልስ ሰጥቶበታል። የዕንባቆም ልዩነት ይህን ሁሉ የሚጽፉት በቁርኣን ባደገ ሰው ዕውቀት፣ በተባረረ መነኩሴ ሁኔታ መሆኑ ነው።

የዛሬ አንባቢ ግን መጽሐፉን ሲያገኝ በአድናቆት ብቻ ሊያነበው አይገባም። ከላይ በተጠቀሰው ሙግት ላይ የሙስሊም ሊቃውንት መልስ የታወቀ ነው፦ ዒሳ «ቃል» የተባለው «ኹን» በሚለው የአላህ ትእዛዝ ያለ አባት ስለ ተፈጠረ ነው፤ አፈጣጠሩም እንደ አደም ነው፤ ስለዚህ ስሙ የክብር ስም እንጂ የመለኮትነት ማስረጃ አይሆንም። ክርስቲያኑ አንባቢ ይህን መልስ ባይቀበለው እንኳ፣ አንቀጸ አሚንን ያነበበ ሰው ክርክሩ በዚያ ገጽ የተዘጋ ከመሰለው የተሳሳተ ግምት ይዟል። ከዚህም ሌላ ደራሲው ክርስትና ሰይፍ ባልያዙ፣ ባልተማሩ ዓሣ አጥማጆች ቃል በሕዝቦች ሁሉ ዘንድ መስፋፋቱን፣ ወንጌልም በብዙ ቋንቋዎች መነበቡን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ስለ ሐዋርያት ዘመን ሙግቱ ብርቱ ነው፤ ስለ ኋለኞቹ ዘመናት ግን የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞችም ሆኑ የኢትዮጵያ ነገሥታት ከሙስሊሞቹ ግዛቶች ከኢፋትና ከአዳል ጋር ያደረጓቸው ዘመቻዎች ስላሉ፣ ያው ሙግት ሳይታረም ሊደገም አይችልም። የቋንቋው ነገርም እንዲሁ ጊዜ ያለፈበት ሆኗል፤ ቁርኣን ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በአማርኛም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1961 ዓ.ም. ታትሟል። የትርጉሙ መኖር ለአንባቢ ትልቅ ዕድል ነው፤ ዐረብኛ የማያውቅ ሰው እንኳ ዕንባቆም የጠቀሱትን ክፍል በአማርኛው ቁርኣን ገልጦ፣ ከፊቱ ያለውንና ከኋላው ያለውን አንብቦ፣ ደራሲው በትክክል ጠቅሰው እንደ ሆነ ራሱ ሊመዝን ይችላል። አንድን ጥንታዊ መጽሐፍ ማክበር ማለትም ይህን ያህል ትጋት ማድረግ ነው።

አንቀጸ አሚን ለሰሜኑ አንባቢ፣ በተለይም ለመቐለና ለአካባቢዋ ሰው፣ የሩቅ መጽሐፍ አይደለም። ከመቐለ መሀል በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቁሓ፣ ቢለት በሚባለው ቦታ፣ በዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጹ ጥንታዊ የሙስሊም የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ማድሌን ሽናይደር በ1967 ጽሑፎቻቸውን አንብበው አሳትመዋቸዋል፤ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ከጀመረው ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታትም በቦታው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተደርጓል። ድንጋዮቹ ሟቾቹን በስማቸውና በአባቶቻቸው ስም እየጠሩ፣ ከቁርኣን ቃል ጋር ያስታውሷቸዋል። ይህ ማለት ኢማም አሕመድ ከመወለዳቸው ከሦስት እስከ አምስት መቶ ዓመታት በፊት፣ በክርስቲያን ነገሥታት አገር መካከል፣ ዐረብኛ የሚጽፍ፣ ሙታኑን በወግ የሚቀብር የሙስሊም ማኅበረሰብ ቁሓ በምትገኝበት በእንደርታ ይኖር ነበር ማለት ነው። የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት የሁለቱ ሃይማኖቶች የመጀመሪያ መተዋወቂያ አልነበረም፤ ከእርሱ በፊት ረጅም የጉርብትና፣ የንግድና የመቻቻል ዘመን አለ፤ አንቀጸ አሚንም ሊነበብ የሚገባው ከዚያ ረጅም ታሪክ ጋር እንጂ ከጦርነቱ ጋር ብቻ ተጣብቆ አይደለም።

በቁሓ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና በአጉላዕና በውቅሮ አድርጎ ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ስደት ጋር ስሟ ወደሚነሣው ወደ ነጃሺ ይወስዳል። በእስልምና ትውፊት እንደሚተረከው፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ ተሰደው የመጡት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በኢትዮጵያው ንጉሥ ፊት ሲቀርቡ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከሱረቱ መርየም ያነበቡት ስለ መርየምና ስለ ዒሳ መወለድ የሚናገረውን ክፍል ነበር፤ ንጉሡም ሰምተው ስደተኞቹን ለአሳዳጆቻቸው አሳልፈው ላለመስጠት ወሰኑ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፦ በመጀመሪያው ጊዜ ሙስሊሙ ስደተኛ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ስለ መርየምና ስለ ልጇ ከቁርኣን አነበበ፤ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ክርስቲያኑ ስደተኛ ስለ እነዚያው ስለ ሁለቱ ከዚያው መጽሐፍ ለሙስሊሙ ድል አድራጊ ጻፈ። ሁለቱም ጥበቃ ፈላጊዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የያዙት የጋራውን ነገር ነበር። በዚህ መልክ ሲታይ አንቀጸ አሚን ክርስቲያን ሙስሊምን የረታበት መጽሐፍ ተብሎ ብቻ ሊጠራ አይችልም። በነጃሺ የሚገኘው ጥንታዊ መስጊድም ሆነ በትግራይ ያሉ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ የጸሎት ቤት አይነካ የሚለው የእጨጌው ልመና ዛሬ ለየትኛውም ወገን ቢነበብ ትርጉሙን አያጣም።

ዕንባቆም በዚህ ሥራ ብቻቸውን አልነበሩም። ልብነ ድንግልን የተኩት ዐፄ ገላውዴዎስ ኢማሙን በ1543 በወይና ደጋ ድል ካደረጉ በኋላ እጨጌውን አክብረው አቅርበዋቸዋል፤ ንጉሡ ራሳቸውም በ1555 ለኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ነቀፋ መልስ የሚሆን የሃይማኖት መግለጫ ጽፈዋል። በዚያ አጭር መግለጫ ቅዳሜን ማክበር፣ ግዝረትና የዐሣማ ሥጋ አለመብላት የአይሁድን ሕግ መከተል እንዳልሆነ በጸጥታና በልበ ሙሉነት ያስረዳሉ፤ ጽሑፉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ታትሞ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ለአውሮፓ ሊቃውንት ካስተዋወቁት ሰነዶች አንዱ ሆኗል። ዕንባቆም ደግሞ በ1553 «በራላምና ይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተርጉመዋል፤ የዚህ ታሪክ መነሻ የህንዱ የቡድሃ ሕይወት መሆኑን ዛሬ ሊቃውንት ሁሉ ይስማማሉ። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን በግሪክኛው የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ውስጥ፣ በመጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው የአርስጢደስ ዕቅበተ እምነት እንደ ገጸ ባሕርይ ንግግር ተሸሽጎ መገኘቱ ነው፤ ጠፍቷል ተብሎ የነበረው ጽሑፍ በሱርስጥ በ1889 በሲና ተራራ ገዳም ሲገኝ፣ ሊቃውንት ሲያነጻጽሩት ለዘመናት በእጃቸው የነበረ ሆኖ አገኙት።

አንቀጸ አሚን ለኢትዮጵያውያን ያለበት ሁኔታም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በእጅ ያለ፣ ነገር ግን የማይነበብ መጽሐፍ ነው። የግእዙን ንባብ ከፈረንሳይኛ ትርጉምና ከሰፊ ሐተታ ጋር ያሳተመው ሆላንዳዊው ሊቅ ኤሜሪ ፋን ዶንዘል ሲሆን፣ መጽሐፉ የወጣው በ1969 በላይደን ነው፤ የደራሲውን ገድልም ጣሊያናዊው ላንፍራንኮ ሪቺ ከዚያ ቀደም ብሎ አሳትሞታል። እነዚህ ሥራዎች ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ለማያነብ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለማይደርስ ሰው የተዘጉ ናቸው። ሃይማኖተ አበውና ቄርሎስ የተባሉት የሃይማኖት መጻሕፍት ከአማርኛ ትርጓሜ ጋር ታትመው ሲገኙ፣ ይህ መጽሐፍ በዚያ ደረጃ ለሕዝብ አለመቅረቡ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም ስለ መለያየታቸው በቁም ነገር የተነጋገሩበት፣ ከሥር መሠረቱ የአገሪቱ የሆነ ሰነድ ነው።

የግእዝ መምህራን ባሉባቸው ጉባኤ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመቐለዎቹንም ጨምሮ፣ መጽሐፉን ወደ አማርኛና ወደ ትግርኛ ለመመለስ የሚያስፈልገው ዕውቀት አለ። ሥራው ሲሠራ ግን የግእዙ ንባብ በአንድ ገጽ፣ ትርጉሙ በሌላው ገጽ፣ በግርጌው ደግሞ የተጠቀሱት የቁርኣን ክፍሎች ከነቦታቸውና የሙስሊም ሊቃውንት የሚሰጡት ማብራሪያ ሳይዛባ አብሮ ሊታተም ይገባል፤ ለዚህም አንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና አንድ የእስልምና ዓሊም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢሠሩ ይመረጣል። ጥሪው ለእነርሱና ሥራውን ሊደግፉ ለሚችሉ አሳታሚዎች ነው።