የሙቀት ካርታ፦ የቢትኮይን ማሽኖችን ‘ሕመም’ በቀለም የሚለየው ዘዴ

ቻይና እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2021 የክሪፕቶከረንሲ ማይኒንግን ካገደች በኋላ፣ ርካሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ፍለጋ ከአገሪቱ የወጡ ኩባንያዎች ካረፉባቸው ስፍራዎች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም እንደማይፈቅድ ቢያስታውቅም፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግን ለማይኒንግ ኩባንያዎች በውጭ ምንዛሪ ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። በ2024 መጀመሪያ ከተቋሙ ጋር ውል ከገቡት ከ20 በላይ ኩባንያዎች አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ።

በእነዚህ ኩባንያዎች መጋዘኖች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። ከእነዚህ መካከል የታመመውን ለመለየት ቴክኒሻኖች የሚጠቀሙበት መሣሪያ የሙቀት ካርታ ይባላል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ማሽኑ የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የተባለውን ማሽን ብንወስድ 3,250 ዋት ይፈጃል። ይህም አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ምጣዱ ተጋግሮበት ሲያበቃ መጥፋቱ፣ ማሽኑ ግን ዓመቱን ሙሉ መብራቱ ነው።

በማሽኑ ውስጥ 3 የስሌት ሰሌዳዎችና በእነርሱ ላይ የተደረደሩ 342 ቺፖች አሉ። ማራገቢያዎቹ ሙቀቱን ማስወጣት ካቃታቸው ማሽኑ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከተፈቀደው ወሰን ካለፈም ራሱን ያጠፋል።

ካርታው እንዴት ይሠራል?

አንድ ሶፍትዌር በየጥቂት ደቂቃው እያንዳንዱን ማሽን በኔትወርክ እየጠየቀ የቺፖቹን ሙቀት፣ የማራገቢያዎቹን ፍጥነትና በሰከንድ የሚሠራውን የስሌት መጠን ይሰበስባል። ከዚያም ማሽኖቹን በመደርደሪያቸው ቅደም ተከተል በሰንጠረዥ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ቀለም ይሰጣል፤ የቀዘቀዘው ሰማያዊ፣ የጋለው ቀይ ይሆናል።

የካርታው ጥቅም ቦታን ማሳየቱ ነው። አንድ ቀይ ነጥብ ለብቻው ከታየ የቆመ ማራገቢያ ወይም አቧራ የደፈነው ማሽን ሊሆን ይችላል። አንድ ረድፍ በሙሉ ሲቀላ ግን ጥፋቱ የማሽኖቹ አይደለም፤ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ወደ ፊት እየገባ ነው ማለት ነው። የመደርደሪያዎቹ የላይኛው ክፍል ብቻ ከቀላ፣ ትኩስ አየር ከጣሪያው ሥር መውጫ አጥቶ ተከማችቷል።

ሰማያዊ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም

የቀዘቀዘ ማሽን ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሥራ ያቆመም ማሽን ቀዝቃዛ ነው። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የሙቀቱን ካርታ ከሥራ አፈጻጸሙ ካርታ ጋር ያነጻጽራሉ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ስሌቱ ከቀነሰ ማሽኑ በሙቀት ተጨንቋል። ሁለቱም በአንድነት ዝቅ ካሉ ደግሞ ከ3ቱ ሰሌዳዎች አንዱ ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጽዳትና አየር፣ ሁለተኛው ጥገና ይሻል።

የቀለሙ መለኪያም ቋሚ መሆን አለበት። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ከሁሉም የጋለውን ቀይ እያደረገ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሁሉም ደኅና በሆነበት ቀንም ቀይ አይጠፋም፤ ሁሉም በጋለበት ቀን ደግሞ አደጋው ይሸፈናል። አንድ ማሽን ከቦታው ተነሥቶ ሌላ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ መዝገቡ ካልታረመም፣ ካርታው ቴክኒሻኑን ወደ ተሳሳተ ማሽን ይመራዋል።

ካርቱምና አዲስ አበባ

ቦታ ሲለያይ የካርታው አነባበብም ይለያያል። በካርቱም፣ ለምሳሌ በሪያድ ሰፈር፣ በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ብዙዎቹ በአየር የሚቀዘቅዙ ማሽኖች እንዲሠሩበት ከተወሰነው የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ በላይ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ መጋዘኑ በሙሉ እኩለ ቀን ላይ ቢቀላ የሚያስደንቅ አይሆንም።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንጻር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ፣ ማራገቢያዎቹ ተመሳሳይ ሙቀት ለማስወጣት የበለጠ አየር መግፋት ይኖርባቸዋል። የከተማዋ ቅዝቃዜ የሰጠውን ጥቅም ከፍታው በከፊል ይወስደዋል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ አያገኝም። ማይኒንግን የሚደግፉ ወገኖች የውጭ ምንዛሪ ማስገባቱን ሲያነሡ፣ ተቺዎች ኃይሉ ለቤተሰቦችና ለፋብሪካዎች ይገባ ነበር ይላሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2025 ለአዳዲስ የማይኒንግ ኩባንያዎች ኃይል መስጠት ማቆሙን አስታውቋል።

በሥራ ላይ ላሉት የቀረው መንገድ ከያዙት ኃይል የበለጠ ሥራ ማውጣት ነው። አንድ ኤስ19 ፕሮ በቀን 78 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ማሽኑ በአቧራ ታፍኖ ስሌቱ ሲቀንስ፣ ከዚህ ኃይል ከፊሉ ለኩባንያውም ለአገሪቱም ሳይጠቅም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ካርታው ክርክሩን አይፈታም፤ ብክነቱ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚጀምር ግን ያሳያል።